ጠይቀህ ተረከብ

የእናቴ ልጅ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጻፍህ አልገረመኝም፤ ድሮም ቤቱ ሁሉ ሲተኛ የምትነቃው አንተ ነህ። ግን ተኛ፣ ሆዴ። ኮዱ ነገም እዚያው ነው።

«ባለቤቱ ጥሎት ጠፍቷል፤ ሞጁሉን እኔ ልያዘው ቆርጫለሁ» ትላለህ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። የደስታዬን ምክንያት ታውቀዋለህ። ሰው የጣለውን አንስቶ መጠገን የአባባ ነው፤ ያን ሬድዮ አስታውስ። ፍርሃቴን ግን በስልክ ብነግርህ ትስቅብኛለህ። ስለዚህ ልጻፈው። እስከ መጨረሻው አንብብልኝ፣ እባክህ።

መጀመሪያ ስለ ሰውየው እናውራ። ሞጁሉ ይቆየን።

ጠፍቷል ያልከው በምን አውቀህ ነው? ኮዱ ለዓመታት ስላልተነካ ብቻ ከሆነ አይበቃም። ያልተነካ ሁሉ የተጣለ አይደለም። አንዳንድ ሥራ አልቆ ነው የሚቀመጠው። የዘመን አቆጣጠራችን ስሌት እንደሆነ በየዓመቱ አይለወጥም፤ ቀን የሚቀይር ሞጁል በትክክል ከተጻፈ ዓመታት ዝም ቢል ምን ያስገርማል? ያንተኛው ግን ስህተት አለበት። ሰዎች ጽፈውለት መልስ የለም። እሺ፣ እዚህ ላይ ተስማማሁ፤ ተጥሏል።

ሰውየው ግን ሌላ ነገር ነው። ታሞ ይሆናል። ወልዶ ይሆናል። ሥራ ቀይሮ፣ አገር ቀይሮ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቦታ ከርሞ ይሆናል። ሞቶም ይሆናል፣ ነፍሱን ይማር። አንተ የምታየው ያልተመለሰ ጥያቄ ብቻ ነው። «ሰነፍ ነው» ያልካትን ቃል አንሳት፣ ወንድምዬ። አታምርብህም። በነጻ የሰጠህን ሰው እንዲህ አይሉትም።

ስለዚህ ጻፍለት። በራስህ ስም፣ በራስህ ኢሜይል፣ አጭር አድርገህ። አመስግነው መጀመሪያ፤ መሥሪያ ቤታችሁ በሱ ሥራ እንደሚጠቀም ንገረው። የቱ እንደተበላሸ፣ አንተ ምን እንዳስተካከልክ ጻፍ። ከዚያ ጠይቀው፦ መቀጠል ትፈልጋለህ ወይ? ካልፈለግህ ለኔ ታስረክበኛለህ ወይ? «አይ» ለማለት ቦታ ተውለት። ሰው «አይ» ማለት ሲከብደው ነው ዝም የሚለው።

የፓይተን ሞጁሎች ማከማቻው ፓይፒአይም ቢሆን ለቸኮለ ሰው አይመችም፤ ፔፕ 541 የሚባለውን ደንብ ሳታነብ እንዳትነካው። አንድ ሞጁል ተጥሏል የሚባለው ሦስት ነገር ባንድ ላይ ሲሟላ ነው፦ ባለቤቱ ተፈልጎ ሲታጣ፣ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት አዲስ ቨርዥን ካላወጣ፣ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይም ዝር ካላለ። አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሞክሩታል፤ ፍለጋውን የሚያቆሙት ስድስት ሳምንት ሲሞላ ነው። ያኔም ቢሆን ስሙን እንዲሁ አይሰጡህም። ፈልገህ እንዳጣኸው አሳየን ይሉሃል። በፎርክህ፣ በራስህ ቅጂ ላይ ያሻሻልከውን አምጣ ይሉሃል። በሌላ ስም ብታወጣው ለምን እንደማይሆንልህም አስረዳ ይሉሃል።

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ የኔም ናት። ስሙን ለምን ፈለግኸው?

ክብር ፈልገህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መልሱን ግን ለራስህ ጮክ ብለህ በለው። ኮዱን ከፈለግህማ ላይሰንሱ ይፈቅድልሃል፤ ዛሬውኑ ፎርክ አድርገህ በሌላ ስም ማውጣት ትችላለህ። ስሙ የሚለየው ሰዎች ተንጠልጥለውበት ስላሉ ነው። የት እንዳሉ አታውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁህም። አንተ በዚያ ስም አዲስ ቨርዥን ባወጣህ ቀን ብዙዎቹ ማሽኖች ሳይጠይቁ ይቀበሉሃል። ማን እንደሆንክ የሚመረምር የለም። የምትረከበው እንግዲህ ይሄንን ነው፤ የማታውቃቸው ሰዎች ለሌላ ሰው የሰጡትን እምነት። አደራ ነው። ለዚህ ነው የፈራሁት።

ሲቲኤክስ የምትባለዋን ሰምተሃል? ፓይፒአይ ላይ የነበረች ትንሽ ሞጁል ናት። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም አልነካትም ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 አንድ ሰው የባለቤቱን የኢሜይል አድራሻ አየ፤ የዶሜይኑ ክፍያ ጊዜ አልፎ ነበር። ዶሜይኑን ገዛው። ከዚያ «ፓስወርዴን ረሳሁ» አለ፤ ማስተካከያው በቀጥታ ለሱ መጣ። በቃ። ምንም የረቀቀ ነገር የለበትም። ሰዎች ቁልፍና የይለፍ ቃል የሚያስቀምጡባቸውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች ለቅሞ ወደ ውጭ የሚልክ ኮድ ከተተባት። ስለዚህ የሰውየውን ኢሜይል ስታይ ዶሜይኑ በሕይወት እንዳለ ተመልከት። ካለቀ እንዳትገዛው! ለመልካም ብለህም ቢሆን አትግዛው። ለአስተዳዳሪዎቹ ንገራቸው እንጂ በሌባ መንገድ ገብተህ ባለቤት አትሁን።

እንበልና ሰውየው መለሰልህ። እሰየው! ግን አንተን በምን ያውቅሃል? እ.ኤ.አ. በ2018 የሆነውን እሱም ሰምቷል። ኢቨንት ስትሪም በሳምንት ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ከጃቫስክሪፕቱ ማከማቻ ከኤንፒኤም የሚወርድ ሞጁል ነበር። የጻፈው ዶሚኒክ ታር ራሱ መጠቀም ትቶታል፤ ምንም አያገኝበትም። አንድ የማይታወቅ ሰው «ልያዘው» ብሎ ጻፈለት፤ ሰጠው። አዲሱ ባለቤት ሌላ ትንሽ ሞጁል አስከትሎ አስገባ፤ እሷ ውስጥ ኮፔይ ከሚባል የቢትኮይን ቦርሳ ገንዘብ ለመስረቅ የተሰናዳ ኮድ ነበር። ለወራት አልተነቃበትም። ከዚያ ሁሉም ዶሚኒክ ላይ ጮኸ። እኔ በሱ መፍረድ አልቻልኩም። ሸክሙን አስይዘው ብቻውን ትተውት ሲያበቁ፣ ባወረደው ቀን ነው የተቆጡት።

እና ያንተ ሰው ቢጠራጠርህ እንዳትቀየም። ኩራትህን አውቃታለሁ። ለሱ አንተና ሌባው በኢሜይል አንድ ዓይነት ናችሁ፤ ሁለታችሁም ትሑት ናችሁ፣ ሁለታችሁም «ልርዳህ» ትላላችሁ። መብቱን ከመጠየቅህ በፊት ሥራህን አሳየው። አንድ ትንሽ ጥገና፣ ከነቴስቱ፣ በአንድ ንባብ የሚገባ። ከዚያ ሌላ። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

ቴስቱን ካነሳን አይቀር፣ ጳጉሜን 6ን አስቀድም። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው ብለኸኛል። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ነበረው፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ዓመታት 11 ላይ ይውላል። ያ ሞጁል ሁሌ 11 ነው ብሎ ከተነሳ ያን ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ቀን ይስታል። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛው ቴስት አድዋ ይሁን። የካቲት 23 ቀን 1888 እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 28 ላይ ስላቆሙት አንድ ቀን ተንሸራተተ። በ2100ም ይንሸራተታል። በዚህ ሞጁል የሰው የልደት ቀን ያልፋል፣ የጡረታ ቀን ያልፋል። የእማማ ዓይነት ሰው መስኮት ላይ ቆማ «ወረቀቱ አይገጥምም» ስትባል ይታይህ።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝን ልንገርህ።

ኤክስዜድን ታውቀዋለህ፤ ፋይል የሚጨምቀው፣ ሊኑክስ ባለበት ሁሉ ያለው። ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ለብዙ ዓመታት ከሞላ ጎደል ብቻውን ተሸከመው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች በአደባባይ ይወተውቱት ጀመር። ለምን ዘገየህ፣ ካልቻልክ ለሌላ ስጥ፣ ፕሮጀክቱን ገደልከው። እሱም መለሰላቸው። ለረጅም ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ጻፈ። ይሄ ሥራ ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑንም አስታወሳቸው። በዚህ መሀል ጂያ ታን የሚባል አንድ ረዳት ነበር። ታጋሽ። ትጉ። ጨዋ። ቀስ በቀስ መብቱ ሁሉ በጁ ገባ። በፌብሩዋሪ 2024 ቨርዥን 5.6.0 ሲወጣ ውስጡ ስውር መግቢያ ነበረው። የተገኘው በማርች መጨረሻ ነው፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ባለሙያ በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ቆፍሮ ደረሰበት። (እነዚያ ወትዋቾችም የዚያው ሴራ ተባባሪዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። ጂያ ታንም ማን እንደሆነ እስካሁን በይፋ አልተገለጠም።)

ሰው ሁሉ ስለ ግማሽ ሰከንዷ ያወራል። እኔ የማስበው ያንን የ2022ቱን መልስ ነው። አንድ ሰው በአደባባይ «አልቻልኩም፣ ታምሜያለሁ» ብሎ ጻፈ። በሱ ሥራ የሚጠቀም ዓለም ሙሉ ሰው አለ። እጁን የዘረጋለት ሌባው ነበር።

ሆዴ፣ አንተን እዚያ ወንበር ላይ ሳስብህ ነው የምባባው። ዛሬ ወጣት ነህ፣ ሌሊቱን ስትሠራ ታነጋለህ፣ ምንም አይደክምህም። ነገ ሚስት ትመጣለች፣ ልጅ ይመጣል፣ ጀርባህ ያምሃል፤ ያ የቆየ ሐሳብህ ደግሞ ሲመለስብህ አውቅሃለሁ። ጥያቄው ግን አይቆምም። አንዱ ከማታውቀው አገር ጽፎ «ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ» ብሎ ይቆጣሃል። አንተ ደግሞ የሰው ፊት የሚከብድህ ልጅ ነህ። «አይ» ማለት አታውቅበትም።

ስለዚህ ከመረከብህ በፊት አለቃህ ዘንድ ግባ። መሥሪያ ቤቱ በዚህ ሞጁል ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ከሥራ ሰዓትህ ላይ ጊዜ ይስጥህ። በሳምንት ግማሽ ቀን ቢሆን እንኳ በጽሑፍ ይሁን። ካልሰጡህ አትረከብ። እዚህ ላይ አልለሳለስም። ጥገናውን ላክ፣ ፎርክህን ለቢሮህ ተጠቀምበት፣ ስሙን ግን ተወው። አንድ የደከመ ሰው በሌላ የሚደክም ሰው ቢተካ ምን ተሠራ?

ከሰጡህና ሰውየውም ካስረከበህ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ኮድ መጻፍ አይደለም። አካውንትህ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አድርግ። የማውጣት መብት ያላቸው ስሞች እነማን እንደሆኑ እይ፤ ዱሮ የተሰጡ ቶክኖችን ሰርዝ። ሁለተኛ ሰው ፈልግ፤ የምታውቀውን፣ በአካል ያየኸውን። ያቺ አብራህ የተማረችው ጎበዝ ልጅ የት ናት? እሷን ጠይቃት። ባለቤትነቱ መቀየሩን በግልጽ ጻፍ፣ ተጠቃሚው እንዲያውቅ። የቀድሞውን ሰው ስም ከደራሲነቱ እንዳትፍቀው። እና እባክህ የመጀመሪያው ቨርዥንህ ትንሽ ይሁን፤ ጳጉሜንን ብቻ አስተካክለህ አውጣ። «ሁሉንም እንደገና ልጻፈው» የሚለው ሐሳብ ይመጣብሃል፤ ሲመጣብህ ደውልልኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትቆጣኛለህ።

ያቺ ዩኒቨርሲቲ ሳለህ የጻፍካት የግዕዝ መተየቢያ የት ደረሰች? አየኋት። ጥያቄዎች ተደርድረውባታል፤ መልስ የለም። እዚያ ያሉት ሰዎች ስላንተ አሁን ምን ይላሉ መሰለህ? አንተ ስለዚያ ሰውዬ ያልከውን ነዋ። እኔ አውቃለሁ ሰነፍ እንዳልነበርክ። ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበር እኔና አንተ እናውቃለን። እነሱ ግን አያውቁም፤ ምንም አልነገርካቸውም።

ንገራቸው። ሁለት መስመር ይበቃል፦ «ከእንግዲህ አልሠራበትም፤ መረከብ የሚፈልግ ይጻፍልኝ» በል። ጊትሀብ ላይ አርካይቭ አድርጋት፤ ትነበባለች እንጂ አትነካም። ሲጨርሱ «ጨረስን» ማለት ነውር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪኩዌስት የሚባለው የጃቫስክሪፕት ሞጁል ቆሜያለሁ ብሎ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሞመንትም «አዲስ ነገር አንጨምርም፣ ሌሎችን ተጠቀሙ» አለ። ሁለቱም በየቦታው የሚሠራባቸው ነበሩ። ፓይተን በ3.13 ላይ፣ በ2024 መሆኑ ነው፣ 19 ያረጁ ሞጁሎችን ከራሱ ውስጥ አወጣ፤ ግን ከዓመታት በፊት በዝርዝር አስታውቆ። ደቢያን ጠባቂ ያጣውን ፓኬጅ ጠባቂ የለውም ብሎ ይመዘግበዋል፤ እስኪነሳ የጥራት ቡድኑ ያየዋል። የፐርል ሰዎች ደግሞ፣ ሲፓንን ከ1995 ጀምሮ የያዙት፣ አዶፕትሚ፣ ሃንድኦፍ፣ ኒድሄልፕ የሚሉ ሰው የሌለባቸው ስሞች አሏቸው፤ ሞጁሉ ላይ ሲታይ ባለቤቱ ታጥቷል፣ ሊያስረክብ ይፈልጋል፣ ወይም እርዳታ ይሻል ማለት ነው። በጣም ነው የምወድላቸው። ሰው ብዙ ሳይናገር ደክሞኛል የሚልበት መንገድ ሠርተዋል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይሉናል። እዚህ ሥራ ላይ አይሠራም።

ተናደህ ደግሞ ከነጭራሹ እንዳታጠፋት! ያንን ታደርጋለህ ብዬ እሰጋለሁ። በማርች 2016 አንድ ሰው ተቀይሞ ሞጁሎቹን ሁሉ ከኤንፒኤም አነሳ፤ ከነሱ መሀል ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ብቻ የሆነች ነበረች። የስንቱ ሥራ በዚያች ቀን ቆመ። መተውና ማጥፋት ለየቅል ናቸው። ትተህ ሂድ፣ ግን በሩን ዘግተህና ነግረህ።

እማማ ደህና ናት። «ልጄ አሁንም ኮምፒውተር ላይ ነው?» ትለኛለች። «የሰው አደራ ሊረከብ ነው» አልኳት፤ «ተጠይቆ ነው ወይስ ዝም ብሎ?» አለችኝ። እኔ ገጽ ሙሉ የጻፍኩትን እሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

በል እንግዲህ። ዛሬ መጀመሪያ ለመተየቢያህ ሁለቱን መስመር ጻፍ። ከዚያ ለሰውየው ኢሜይሉን ላክ፤ ከመላክህ በፊት ላንብበው፣ አንዳንዴ ሳታስበው ስለት አለብህ። ስሙን በይፋ እስክትረከብ ድረስ ምንም ነገር በዚያ ስም አታውጣ። እሑድ እደውልልሃለሁ። አንሳ።

እህትህ